የቮልስን ሞተር በግቢ ውስጥ አውርዶ ማደስ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለ ዕረፍት መውጣት ይጠበቅበታል። የቮልስ ሞተር በአየርና በዘይት ብቻ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ በሸለቆው ሙቀት ውስጥ በዝቅተኛ ማርሽ ሲጎትት በከተማ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ጉድለቱ ሁሉ እዚያ ዳገት ላይ ይወጣል። የእኔም መኪና አቅሟን ያጣችው በዚያው መንገድ ነበር። ደጀን የደረስኩት በሦስት ሲሊንደር እየተንገጫገጭኩ ሲሆን፣ ቤት ገብቼ ሞተሩን ስፈታው የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ተቃጥሎ አገኘሁት።

ይህ ጽሑፍ የ1300፣ የ1500 እና የ1600 ቮልስ ሞተርን በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ለማውረድና ለማደስ ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ ነው። ከሌሎች ትናንሽ መኪኖች ጋር ሲነጻጸር የቮልስ ሞተር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያያዘው በ4 ማሰሪያዎች ብቻ ነው፣ ራዲያተርም የውኃ ቱቦም የለውም፣ ሲሊንደሮቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው ተለይተው ስለሚወጡ ሲያልቁ ከነፒስተናቸው በአዲስ ይተካሉ። ማውረዱ ለጀማሪ ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። ጊዜ የሚበላው ማጠቡ፣ መለካቱና ዕቃ መጠበቁ ስለሆነ፣ መኪናዋን ለሦስት ሳምንት እንደማይነዷት አስበው ይጀምሩ።

የጎጃም ክረምት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መሬቱ ጭቃ ከመሆኑም በላይ እርጥበቱ የታጠበን ብረት በአንድ ሌሊት ያዝገዋል። ጤፍ በሚወቃበት ወቅት ደግሞ እብቁና አቧራው ከነፋሱ ጋር ግቢ ስለሚገባ፣ የተከፈተ ሞተር ያለው ሰው ዕቃውን ሁሉ በንጹሕ ጨርቅና በላስቲክ ሸፍኖ ማደር አለበት። በእኔ ልምድ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል።

ከማውረድ በፊት

ሞተሩ ገና መኪናዋ ላይ እያለ ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። የመጀመሪያው የእያንዳንዱ ሲሊንደር የመጨመቅ ኃይል ነው። ሞተሩን አሙቀው አራቱንም ካንዴላ ያውጡ፤ የቤንዚን መስጫውን ሙሉ በሙሉ አስረግጠው በሞተሪኖው (በማስነሻው) እያዞሩ አንድ በአንድ ይለኩ። እዚህ ላይ በጥሩ መካኒኮች ዘንድ እንኳ የሚፈጸም ስሕተት አለ፤ በመመሪያ መጽሐፍ ላይ የታተመው ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፣ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ጤነኛውን ሞተር አልቋል ብሎ ላለመፍረድ ከመጽሐፉ ይልቅ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ያነጻጽሩ። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጉልህ ከወረደ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ደግመው ይለኩ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ከፋሻው (ከፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ካልተለወጠ ግን ከቫልቭ መሆኑ ይገመታል። የቮልስ ሲሊንደር ጋደም ያለ በመሆኑ ዘይቱ ወደ ታችኛው ጎን ብቻ ስለሚፈስ፣ ይህ ምርመራ ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛው የክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላ ያለውን ትልቁን ፑሌጃ (የቺንጋውን መዘውር) በሁለት እጅ ይዘው ወደ እርስዎ ይሳቡት፣ መልሰውም ይግፉት። ጤነኛ ሞተር ላይ እንቅስቃሴው 0.07 እስከ 0.13 ሚ.ሜ ስለሆነ በእጅ እምብዛም አይሰማም። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማና በመለኪያ ከ0.15 ሚ.ሜ ካለፈ በቮላኖው (በዘንጉ ጫፍ በሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) በኩል ያለው ብሮንዚና፣ ማለትም ዘንጉ የሚሽከረከርበት ሽፋን፣ ወይም መቀመጫው አልቋል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት የሥራውን መጠን ይወስናል። ፑሌጃው የማይንሸራተት፣ የዘይት መብራቱ ሞተሩ ሞቆ ሳለ የማይበራ፣ ነገር ግን አንድ ሲሊንደር የደከመ ከሆነ ቴስታታዎቹን፣ ማለትም ቫልቮቹን የያዙትን የሲሊንደር ራሶች፣ እና ሲሊንደሮቹን ብቻ ማደስ ይበቃል። ክራንክ ሻፍቱን የሚይዘውንና ከሁለት ግማሽ የተሠራውን የሞተሩን አካል፣ ማለትም ካርተሩን፣ «ከወረደ አይቀር» በሚል ብቻ መክፈት አይመከርም፤ በሥርዓት የተቀመጠን ብሮንዚና ያለ ምክንያት መነካካት አዲስ ችግር መፍጠር ነው።

ማውረድ

በቅድሚያ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ ይንቀሉ። ቀጥሎም የአየር ማጣሪያውን ያውጡ፤ የዲናሞውን፣ የቦቢናውን፣ የካርቡራተሩንና የዘይት መብራቱን ሽቦዎች ያላቅቁ፤ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ የፕላስተር ቁራጭ ለጥፈው ቁጥር መጻፍ አምስት ደቂቃ አይወስድም፣ በመጨረሻ ግን ግማሽ ቀን ያተርፋል። የቤንዚን መስጫውን ገመድ ከካርቡራተሩ ፈትተው ወደ ፊት ይሳቡት። ከኋላ ያለውን የሞተር ላሜራ ያንሡ፤ ከሥር ደግሞ የማሞቂያውን ሁለት ገመዶችና ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ይፍቱ።

የቤንዚን ቱቦው ሲፈታ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ከፊት ቢሆንም ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ሊፈስ ስለሚችል ቱቦው እንደተፈታ በልኩ ብሎን ይወተፍ። በዚያን ሰዓት በግቢው ውስጥ የቡና ምድጃ መኖር የለበትም፤ ከሰሉ በሌላ ጓሮ ቢሆንም እንኳ ቡናው ሥራው እስኪያልቅ ይቆይ።

መኪናዋን ለማንሣት ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ብዙ ሰው ክሪኩን ደግፎ ከሥሩ ብሎኬት ይደረድራል፤ ብሎኬት ግን ውስጡ ባዶ በመሆኑ ክብደቱ በአንድ ነጥብ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ከወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ የተቆረጠ፣ ሁለቱም ጫፉ ልክ ሆኖ የተጋዘ ጉማጅ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይሻላል። የፊት ጎማዎቹ እንዳይንከባለሉ ከፊትም ከኋላም ይደገፉ።

አራቱ ማሰሪያዎች ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች ናቸው። ሁሉም በ17 ቁልፍ ይፈታሉ። መጀመሪያ የታችኞቹን ሁለት ዳዶዎች ይፍቱ። ከላይኞቹ የቀኙ ከሞተሪኖው የላይኛው ማሰሪያ ጋር አንድ ሲሆን፣ ከማራገቢያው ቤት ጀርባ ስለተደበቀ በዓይን ሳይሆን በእጅ ዳሰሳ ነው የሚገኘው፤ አንድ ሰው ከላይ ዳዶውን ይዞ ሌላው ከሥር ብሎኑን ቢፈታ ይቀላል። የመጨረሻው ማሰሪያ ከመፈታቱ በፊት ክሪኩ ጠፍጣፋ ጣውላ ተደርጎበት በሞተሩ መሐል ሥር መቀመጥና ክብደቱን መቀበል አለበት፤ ሙሉው ሞተር ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናልና።

ከዚያ ሞተሩን ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ 10 ሳ.ሜ ያህል ይሳቡት። የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ መሐል ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ ወደ ታች መዘንበል የለበትም፤ በዘንጉ ላይ የተንጠለጠለ ሞተር የፍሪሲዮኑን ዲስክ ያጣምማል። ከወጣ በኋላ ክሪኩን ቀስ በቀስ አውርደው ሞተሩን አሮጌ ጎማ ላይ ያሳርፉት። በመጨረሻ የመኪናዋ የኋላ ክፍል ወደ 90 ሳ.ሜ ያህል መነሣት ይኖርበታል፤ ለዚህ አራት ጠንካራ ጎረቤቶች በቂ ናቸው። እነሱ ኋላዋን ብድግ አድርገው ሲይዙ አምስተኛው ሰው ጎማውን ከነሞተሩ ይጎትታል፤ ማንም ግን በዚያች ቅጽበት ከመኪናዋ ሥር እንዳይገባ።

መፍታት

ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ከውጭ በላምባና በብሩሽ በደንብ ይታጠብ። ዘይቱን ካፈሰሱ በኋላ ከሥር ያለውን ክብ ክዳን ከፍተው የወንፊቱን መረብ ያውጡ፤ ቮልስ የወረቀት ማጣሪያ ስለሌለው የሞተሩ ታሪክ ሁሉ የሚነበበው በዚህ ወንፊት ላይ ነው። በማግኔት የሚሳብ ብናኝ ብረት ነው፤ የማይሳብና የሚያብረቀርቅ ነጭ ቅንጣት ከፒስተን ወይም ከብሮንዚና የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የመዳብ መልክ ካለው ደግሞ ብሮንዚናው እስከ ውስጠኛው ሽፋኑ ተበልቷል።

የቮላኖው መሐል ዳዶ የሚፈታው በ36 ቁልፍ ሲሆን፣ የታሰረበት ኃይል ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይጠጋል። ይህንን በቀላሉ ለመረዳት አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ሲንጠለጠል የሚገኘው ኃይል ነው። ቮላኖው እንዳይዞር ሁለት ማዕዘን ያለው ጠንካራ ብረት በፍሪሲዮኑ የብሎን ቀዳዳዎች አስረው መሬት ላይ እንዲደገፍ ያድርጉ። ሞተሩ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሳለ ይህ ዳዶ ካልተፈታ፣ ክፍሎቹ ከተፈቱ በኋላ ሞተሩ ስለሚቀልል ጭራሽ አይፈታም። ቮላኖውን ከማውጣትዎ በፊት ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ያለውን አቀማመጥ በምልክት ያስቀምጡ።

ማርሚታው፣ የማራገቢያው ቤት፣ ካርቡራተሩና ዲናሞው ተነሥተው ሲያልቁ ሮከሮቹ (ቫልቮቹን የሚጫኑት ክንዶች) ይፈታሉ፤ የመግፊያ ዘንጎቹ በየተራቸው ተሰክተው እንዲቀመጡ ካርቶን ላይ ስምንት ቀዳዳ ይብሱ። እያንዳንዱ ቴስታታ በ8 ዳዶ የታሰረ ነው። ቴስታታው ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው በሁለቱ ቫልቮች መቀመጫ መካከልና ወደ ካንዴላው ቀዳዳ የሚሄድ ስንጥቅ ነው። ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ካለ ያንን ቴስታታ ጠግኖ ዳገት ለመውጣት መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው።

ሲሊንደሮቹ ሲሳቡ ፒስተኖቹ ከቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ከሚያገናኘው ክንድ) ላይ ይቀራሉ። ሁለቱን የሚያያይዘው ፒን ካልተንሸራተተ በመዶሻ አይመታ፤ ቢየላ በትንሽ ምት ይጣመማል። ፒስተኑን ወደ 80 ዲግሪ ማሞቅ ይበቃል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ፣ ከሚፈላ ውኃ ውስጥ የወጣ ጨርቅ ፒስተኑ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢጠቀለል ፒኑ በአውራ ጣት ግፊት ይወጣል።

ካርተሩን መክፈት የግድ ከሆነ ዙሪያውን ያሉትን ትናንሽ ዳዶዎች ከፈቱ በኋላ ስድስቱን ትላልቅ ዳዶዎች ይፍቱ፤ ከዚያም በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን እያንኳኩ ያላቅቁት። ካቻቢቴ በመሐል አስገብቶ ማንቃት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በሁለቱ ግማሾች መካከል ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ስለሌለ የተጫረ ፊት ለዘወትር ዘይት ያንጠባጥባል። የካርተሩ ብረት የማግኒዥየም ቅይጥ መሆኑም አይዘንጋ፤ ተሞርዶ የወጣው ብናኝ እሳት ካገኘ በብርቱ ይነዳል፣ በውኃም አይጠፋም፤ ስለዚህ ከብየዳ ሥራ አጠገብ አይሞረድ።

መለካትና ወደ ቶርኖ ቤት መላክ

በዚህ ደረጃ የግቢው ሥራ ለጥቂት ቀናት ይቆማል። አዲስ ፒስተን በአዲስ ሲሊንደር ውስጥ 0.04 እስከ 0.06 ሚ.ሜ ክፍተት ሲኖረው፣ 0.2 ሚ.ሜ ከደረሰ ተቀያሪ ነው። ፋሻውን ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ቀጥ አድርገው አስገብተው የጫፎቹን ክፍተት በቅጠል መለኪያ ይለኩ፤ ከ0.9 ሚ.ሜ በላይ ከሆነ አልቋል። ሲሊንደርና ፒስተን ሲገዛ አራቱም በአንድ ጥቅል፣ በአንድ ልክ ይሁኑ፤ የ1300 ዲያሜትር 77 ሚ.ሜ፣ የ1500 83 ሚ.ሜ፣ የ1600 ደግሞ 85.5 ሚ.ሜ ነው። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄደው ያገለገለ ዕቃ ለሚፈልጉ ሰዎች የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ መለኪያዎን ይዘው ይሂዱ።

የክራንክ ሻፍቱ ሦስቱ ዋና መቀመጫዎችና አራቱ የቢየላ መቀመጫዎች ወደ 55 ሚ.ሜ፣ የፑሌጃው በኩል ያለው አራተኛው መቀመጫ 40 ሚ.ሜ ዲያሜትር አላቸው። የሚላጠው በ0.25 ሚ.ሜ እርከን ሲሆን ብሮንዚናውም በዚያው እርከን ይሸጣል። ስለዚህ ብሮንዚና መግዛት ያለበት ዘንጉ ተላጥቶ ከተለካ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይደለም። የካርተሩም ውስጥ መቀመጫ በጊዜ ብዛት እንቁላል ቅርፅ ሊይዝ ይችላል፤ ይህ ከሆነ በመስመር ተቦርቡሮ ውጩ የወፈረ ብሮንዚና ይገባለታል። ብሮንዚና ሲታዘዝ ሁለት ቁጥር የሚጠየቀው፣ አንዱ ለዘንጉ ሌላው ለካርተሩ፣ በዚህ ምክንያት ነው።

የጭስ ማስወጫ ቫልቮችን አሮጌዎቹን ፈጭቶ መመለስ አልመክርም፤ ስምንት ቫልቭ ካለ አራቱ የጭሱ በአዲስ ይተኩ። ጭንቅላቱ ተበጥሶ የወደቀ ቫልቭ ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይዞ ስለሚሄድ የተረፈው ገንዘብ ትርፍ አይባልም። የቫልቭ መሪው መላላት የሚታወቀው ቫልቩን ጥቂት ከፍ አድርገው ግራና ቀኝ ሲያወዛውዙት ነው።

ካርተሩን መግጠም

ሁሉም ክፍል በላምባ፣ ቀጥሎ በሳሙናና በፈላ ውኃ ታጥቦ የዘይት መንገዶቹ በአየር ይነፉ። ከቶርኖ ቤት የመጣ ክራንክ ሻፍት ንጹሕ ቢመስልም የዘይት ቀዳዳዎቹ የመላጫ ብናኝ እንደያዙ ይቆጠር፤ በቀጭን ብሩሽ ደጋግመው ያጽዱት።

ቢየላዎቹ ሲታሰሩ በጎናቸው ያሉት ሁለት ቁጥሮች በአንድ ወገን መሆን አለባቸው። ዳዶዎቹ በ33 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ፤ ከዚያ ዘንጉን አጋድመው ቢየላውን ወደ ላይ ሲያነሡትና ሲለቁት በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ወርዶ የሚወድቅ ከሆነ ላልቷል፣ የሚቆም ከሆነ ጠብቋል።

ዋና ብሮንዚናዎቹ በካርተሩ ላይ በተተከሉ ትናንሽ ፒኖች ላይ በቀዳዳቸው ይቀመጣሉ። ይህች ፒን የቮልስ ሞተር ማደስ ዋና ፈተና ናት። የመጀመሪያውን ሞተሬን ስገጥም አንዱ ብሮንዚና በፒኑ ላይ ሳይገባ፣ ከአጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ግን የገባ መስሎኝ ካርተሩን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ዘንጉ አልዞር ሲል ፈትቼ ባየው ፒኑ የብሮንዚናውን ጀርባ ወግቶት፣ መቀመጫውንም ጎድቶት አገኘሁ። ጥፋቱ የችኮላዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብሮንዚናዎቹን ያለ ዘንጉ በካርተሩ ላይ አስቀምጬ፣ በካርተሩ ጠርዝ ልክ በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ መስመር አሰምራለሁ፤ ዘንጉ ከገባ በኋላ መስመሩና ጠርዙ ካልገጠሙ ፒኑ አልገባም ማለት ስለሆነ።

ካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) የሚሽከረከረው በጥርስ እንጂ በሰንሰለት አይደለም። በትልቁ ጥርስ ላይ ያለው አንድ ነጥብ በክራንክ ሻፍቱ ጥርስ ላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች መካከል ይገባል፤ አንድ ጥርስ ከተዛነፈ ሞተሩ አይሠራም። የቫልቭ መግፊያዎቹ በሁለቱም ግማሽ ውስጥ ቦታቸው ላይ መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ለግጥሚያው ፊት በጣም ስስ የሞተር ሲልከን ይቀቡ፤ ወፍራም ሲልከን ወደ ውስጥ ተጨምቆ የዘይቱን ወንፊት ይደፍናል።

መጀመሪያ ስድስቱ ትላልቅ ዳዶዎች በደረጃ እስከ 34 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ ትናንሾቹ እስከ 20 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። በየደረጃው ዘንጉን በእጅዎ ያዙሩት። ዳዶ በጠበቀ ቁጥር ዘንጉ ከከበደ ሥራው ይቁም፤ ይፈታ፤ ምክንያቱ ይፈለግ። «ሲሠራ ይላላል» የሚለው የጋራዥ ተስፋ በዚህ ሞተር ላይ አይሠራም።

ቀጥሎ የዘንጉ መንሸራተት ይስተካከላል። በቮላኖውና በመጀመሪያው ብሮንዚና መካከል ሁልጊዜ ሦስት ስስ ሮንዴላዎች ይገባሉ። ፓራዎልዮው (የዘይት ማገጃ ጎማው) ሳይገባ በሁለት ሮንዴላ ብቻ ቮላኖውን አስረው መንሸራተቱን ይለኩ፤ ከተገኘው ቁጥር ላይ 0.10 ሚ.ሜ ሲቀነስ የሚቀረው የሦስተኛው ሮንዴላ ውፍረት ነው። ለምሳሌ 0.43 ከተለካ የሚቀረው 0.33 ይሆናል፤ ሮንዴላው በ0.32 ወይም በ0.34 ስለሚገኝ ከሁለቱ አንዱን ማስገባት ይቻላል፣ ሁለቱም በተፈቀደው ልክ ውስጥ ይወድቃሉና። አዲሱ ፓራዎልዮ ጠርዙ ዘይት ተቀብቶ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት፤ የተጣመመ ፓራዎልዮ ከሁለት ቀን በኋላ ፍሪሲዮኑን በዘይት ያጥበዋል።

ፒስተን፣ ሲሊንደርና ቴስታታ

በፒስተኑ ራስ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቮላኖው ያመልክት። የፋሻዎቹ ጫፎች በአንድ መስመር እንዳይውሉ በየ120 ዲግሪ ተበታትነው ይቀመጡ፤ የዘይቱ ፋሻ ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። የመግፊያ ዘንጎቹ ቱቦዎች ከመግባታቸው በፊት በሁለቱም ጫፍ በጥንቃቄ ተስበው ወደ 190 ሚ.ሜ ርዝመት ይድረሱ፤ አለበለዚያ አዲስ ጎማ ቢገባላቸውም ዘይት ያፈስሳሉ። የብየዳ መስመራቸው ወደ ላይ ይዙር።

የቴስታታው ዳዶዎች በመጀመሪያ ሁሉም በ10 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር እየተሻገሩ እስከ መጨረሻው ልክ ይጠብቃሉ። የማሰሪያው ውፍረት 10 ሚ.ሜ ከሆነ 31፣ 8 ሚ.ሜ ከሆነ 25 ኒውተን ሜትር ነው። በለስላሳው ካርተር ላይ ጥርሱ የተነቀለ ማሰሪያ በጉልበት ሥራ የለመደ እጅ ውጤት ስለሆነ፣ የቶርክ ቁልፍ ከሌለዎት ተውሰውም ቢሆን ያግኙ።

ላሜራዎቹ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ያንብብ። በየጋራዡ የተጣለ የሞተር ላሜራ ብዛት ሲታይ፣ ብዙ ሰው እነዚህን ቆርቆሮዎች ጌጥ አድርጎ እንደሚቆጥራቸው ያስታውቃል። ማራገቢያው የሚገፋው አየር በሲሊንደሮቹና በቴስታታው ክንፎች መካከል እንዲያልፍ የሚያስገድደው ላሜራው ነው። በሲሊንደሮቹ ሥር የሚገቡት ሁለቱ ትናንሽ ላሜራዎች ከሌሉ አየሩ ክንፎቹን ሳይነካ በአቋራጭ ይወርዳል፤ የካንዴላ ገመዶቹ ጎማ ክዳን ከጠፋ በቀዳዳው ይወጣል፤ በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ከተበጣጠሰ ደግሞ ከማርሚታው የወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው ይገባል።

ሦስተኛው ሲሊንደር ከሁሉም ቀድሞ የሚቃጠልበት ምክንያትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ በሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ቆሞ አየሩን ስለሚጋርድ፣ ያ ሲሊንደር ያነሰና የሞቀ አየር ይደርሰዋል። በኋለኞቹ ሞተሮች ማቀዝቀዣው ወደ ጎን እንዲወጣ ተደርጎ ተስተካክሏል። የድሮው ዓይነት ያለው ሰው ማቀዝቀዣውን ከውስጥም ከውጭም በደንብ ማጠብ፣ ላሜራዎቹንም አንድ ሳይጎድል መመለስ ግዴታው ነው። የእኔ ሞተር የተቃጠለው የሥሩ ላሜራዎች ሳይኖሩት ስለነበር፣ ሁለተኛ ጊዜ ስገጥመው ከቆርቆሮ ቆርጬ አሠራኋቸው።

በማራገቢያው ቤት ውስጥ ያሉት የአየር መዝጊያዎች ከነቴርሞስታታቸው ቢገኙ ይሻላል፣ በእንጅባራ ብርድ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ይረዳሉና። ቴርሞስታቱ ከጠፋ ግን መዝጊያዎቹ በሽቦ ሙሉ በሙሉ ተከፍተው ይታሰሩ።

መመለስና ማስነሣት

መመለሱ የማውረዱ ግልባጭ ነው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ መሐል ላይ መሆኑን በአሮጌ የካምቢዮ ዘንግ ወይም በልኩ በተጠረበ እንጨት ያረጋግጡ፤ አራቱን ማሰሪያዎች በ30 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ለሁሉም 0.15 ሚ.ሜ ነው። የፑንቲናው (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው መገናኛ) ክፍተት 0.4 ሚ.ሜ፣ የካንዴላው 0.7 ሚ.ሜ ይሁን። የእሳት ቅደም ተከተሉ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ሲሆን፣ አንደኛው ሲሊንደር በመኪናዋ ቀኝ ከፊት ያለው ነው። የእሳቱ ጊዜ እንደ ዲስትሪቢዩተሩ ዓይነት ይለያያል፤ በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ ከሚደርስበት የላይኛው ነጥብ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ ነው። ካርቡራተሩ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ከሆነ በእኛ ከፍታ ቤንዚን ስለሚበዛበት ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይይዛል፤ አንድ ቁጥር ያነሰ ዋና ጅግለር (ቤንዚኑን የሚመጥን ቀዳዳ ያለው ብሎን) ማስገባት ይበጃል።

2.5 ሊትር ዘይት ይጨምሩ፤ ለሞቃት አየር ኤስኤኢ 30 ተስማሚ ነው። ካንዴላዎቹ ሳይገቡ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖው ያዙሩት። ካም ሻፍቱ አዲስ ከሆነ ሞተሩ እንደተነሣ ቤንዚን ሰጥተው በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ለ20 ደቂቃ ያቆዩት እንጂ በቀስታ እንዲዞር አይተዉት፤ ካሙና መግፊያዎቹ የሚላመዱት በዚህ ጊዜ ነው። በ500 ኪ.ሜ ላይ ዘይቱን ይለውጡ፣ ወንፊቱን ይጠቡ፣ ቫልቮቹን በቀዝቃዛው ደግመው ይለኩ።

የማራገቢያው ቺንጋ በአውራ ጣት ሲጫን 15 ሚ.ሜ ያህል መግባት አለበት። ቺንጋው ከተበጠሰ ማራገቢያውም አብሮ ስለሚቆም ሞተሩ በዚያው ደቂቃ መጥፋት አለበት፤ ትርፍ ቺንጋና 21 ቁልፍ ከመኪናዋ አይለዩ። ከ500 ኪ.ሜ በፊት ወደ ዓባይ መውረድ አይመከርም። ከዚያ በኋላ ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ በሦስተኛ ማርሽ እየታነቀ ከሚጎትት ይልቅ በሁለተኛ ማርሽ ቀለል ብሎ ቢዞር ይሻላል፤ ማራገቢያው የሚዞረው በሞተሩ ዙር ልክ ነውና። ደጀን ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ፤ ለሁለት ደቂቃ በቀስታ እንዲዞር ይተዉት፣ ከዚያ አጥፍተው ዘይቱ ከወረደ በኋላ በመለኪያው ይዩት።